ቃሉ ሳይጀመር

«እህቴ ሙአታር፣ አንድ አፍታ ዝም ብትይልኝ ልጅቷን ባስተኛኋት ነበር» አሉ ዶክተር ኦሊም፣ የሻይ ማንኪያዋን በሁለት ጣቶቻቸው አንጠልጥለው።

ሙአታር አፏን በመዳፏ ከደነች። ብዙም አልቆየች፣ መዳፏን አነሳች። «ዝም ብያለሁ ዶክተር፣ ይቀጥሉ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎት…»

ልጇ ሪሶላት ሶፋው ላይ በጎኗ ተኝታ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባለች። ፊቷ ዱቄት መስሏል። በላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

በኮካንድ ከተማ ዶክተር ኦሊምን የማያውቅ የለም። ስንቱን ሰካራም ከጠርሙሱ፣ ስንቱን ተብታባ ከመንተባተቡ በቃል ብቻ በሚያመጡት ሰመመን አላቀዋል። መሣሪያቸው ማንኪያዋና ድምፃቸው ነው። ያ ድምፅ ከፍ ሲል የሰማ ሰው የለም። ሚስታቸው «ቤታችን በእሳት ቢያያዝ እንኳ ‹እስኪ ቀስ ብላችሁ ተነሱ› ነው የሚለን» እያለች ጎረቤት ታስቅባቸዋለች። አምና የሙአታር መንጋጋ ጥርስ ያለ ማደንዘዣ መርፌ ሲነቀል ያስተኟት እሳቸው ናቸው። እሷ በሰመመን የእናቷን የወይን ዳስ ስታይ፣ ጥርስ ሐኪሙ ነቅሎ እጁን ታጥቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ቃል ትምላለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያማት?»

«ከትናንት። ጥሬ የአፕሪኮት ፍሬ በጨው ስትቆረጥም ዋለች። በዚህ ወር ሆዱን የማይዝ የማን ልጅ አለ?»

እውነቷን ነው፣ ዶክተሩም በልጅነታቸው ከዚያ አላመለጡም። እጃቸውን ወደ ሆዷ ሰደድ አደረጉ። ገና ሳይነኳት ሪሶላት ጮኸች።

እጃቸውን መለሱ። «ጤና ጣቢያ ታይታለች? እኔ ሐኪም ያላየውን ሕመም እንደማልነካ ታውቂያለሽ።»

«ታይታለች» አለች ሙአታር። «ዛሬ ጠዋት። ነፋስ ነው አሉ።»

ውሸቷን ነበር። ጠዋት ልጇን አዝላ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄዳለች። በሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ግርጌ ግን ያንን ማህተም አየችና እግሯ አልገባ አላት። ያንኑ በሳል ሽሮፑ ጠርሙስ ላይ የነበረውን ማህተም።

«የወንድሜን ልጅ በክረምቱ አብረን አልቀበርነውም?» አለች አሁን። «ሳል ብቻ እኮ ነበረበት! ሽሮፑ ደግሞ ባለ ማህተም ነው፣ ያውም የሚያብለጨልጭ። ሽንቱ ቀጥ አለ፣ በቃ። ማህተሙን የመታው ያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምን አለ? ‹መርምረነዋል፣ ደኅና ነው›። በሳምንቱ ድምፁን አጥፍቶ ከየፋርማሲው ለቀመው። ደኅና ከሆነ ምን አስለቀመው?»

ዶክተሩ ማንኪያዋን በእጅጌያቸው ወለወሉ።

«አሁን ሆስፒታል ብወስዳት ማደንዘዣ ሊወጓት ነው። እሱስ የማን ማህተም ነው ያለበት? ባሌ ‹እባብ ያየ በልጥ በረየ› ይለኛል። ምን ልጥ አለ? እኔን ያገኘኝ ያው እባቡ ነው!»

ዶክተር ኦሊም ማንኪያዋን ከፍ አደረጉ። የመስኮቱ ብርሃን ጀርባዋ ላይ አረፈ።

«ሪሶላት፣ የኔ ልጅ፣ እስኪ ይቺን ብርሃን እያት። አትፍሪ፣ ሻይሽን አላማስልብሽም።»

ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«አሁን…»

«ዶክተር!» አለች ሙአታር።

«አቤት፣ ሙአታር።»

«ጨርሻለሁ። ብቻ ድምፅዎን እንደ ጥርሴ ጊዜ ያድርጉት ልልዎት ነው።»

ዶክተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። በዚያች ጸጥታ የሪሶላት ጉልበቶች ቀስ እያሉ ተዘረጉ።

«እማዬ» አለች። «ሕመሙ ተወኝ።»

ሙአታር ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። «አላልኩም! አላህ ምላስዎን ይባርክልኝ! ማንኪያዋን ገና ከማንሳትዎ! ቆይ ለአባቷ ልደውልለት፣ ሲስቅብኝ ነበር…» የዶክተሩን እጅ ይዛ ደጋግማ ሳመች። ከእጃቸው ማንኪያዋ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንቃጨለች።

«ሙአታር፣ እስካሁን ለልጅቷ ምን አልኳት?»

«እ?»

«ምን አልኳት?»

«ይቺን ብርሃን እያት አሏት። ከዚያ ስለ ሻይ…»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ አቋረጥኩዎት።» ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደቀረ ነው፣ ባለቤት ግን የለውም።

ዶክተሩ ተንበርክከው መዳፋቸውን በልጅቷ ሆድ ላይ አኖሩ። ቅድም ሳትነካ የጮኸችው ሪሶላት አሁን ዝም አለች። ሆዷ እንደ ሳንቃ ደርቋል። የእጇን የደም ትርታ ይዘው ጥቂት ቆዩ።

«ጠዋት ያያት ሐኪም ማነው? ስሙን ንገሪኝ።»

የሙአታር ዓይን ወደ በሩ ሸሸ።

«እኔ ገና አልጀመርኩም» አሉ ዶክተር ኦሊም፣ ልጅቷ እንዳትደነግጥ በዚያው በለሰለሰ ድምፃቸው። «ሕመሙን ያቆምኩት እኔ አይደለሁም። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ እንዲህ ትንሽ ፋታ ይሰጣል።» ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ሙአታር ማንኪያዋን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ለምን እንደምታነሳት አታውቅም። ሪሶላት ማንኪያዋ ተንጠልጥላ በነበረችበት ባዶ ቦታ ላይ ዓይኗን ተክላ በሰላም ታያለች።

«መኪና! ኧረ በአላህ፣ መኪና አቁሙልኝ!»

ጩኸቱ የመስኮቱን መስታወት አንዘፈዘፈው። ሙአታር ማን እንደሚጮህ ለማየት ቀና አለች። በክፍሉ ውስጥ ከእሷና ከልጇ ሌላ የነበሩት ዶክተር ኦሊም ብቻ ናቸው።