ያልታጠበው ሹራብ

ከሰፈሬ ከዛኸር የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አል አይን ጣቢያ ያወርደኛል። ፀሐይዋ ከአሁኑ ትፋጃለች። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ በግራ በኩል ወደ ዱባይ፣ በቀኝ በኩል ወደ አቡ ዳቢ የሚሄዱ ሰዎች ተሰልፈዋል። ጣቢያው አንድ ነው፤ ድርጅቱ ግን ሁለት። ካርዱም ሁለት፣ የጠፋ ዕቃ የሚጠየቅበት መስኮትም ሁለት። አንድ ሰውዬ የዱባዩን ካርድ የአቡ ዳቢው ማሽን ላይ ደጋግሞ ያስነካል፤ ማሽኑም ደጋግሞ ይጮህበታል።

ሥራ ከመግባቴ በፊት ግማሽ ሰዓት አለኝ። በቀጥታ ወደ ዱባዩ መስኮት እሄዳለሁ። ስመጣ ይህ ሦስተኛዬ ነው።

«ግራጫ ሹራብ፣ የወንድ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አውቶቡስ ውስጥ የተረሳ» እላለሁ በእንግሊዝኛ።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አይታ፣ እንደ በፊቱ ራሷን ትነቀንቃለች።

ባለቤቴ ባህሩ ዱባይ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። ስድስት ዓመት በዚህ ጣቢያ ተመላልሷል። ውጭው እየነደደ የአውቶቡሱ ማቀዝቀዣ አጥንት ድረስ ስለሚዘልቅ ሹራቡን ሳይዝ አይወጣም። አንድ ማክሰኞ ማታ ያለ ሹራቡ ገባ። «አውቶቡስ ላይ ረሳሁት» አለኝ። «ነገ ጠይቃቸዋ» አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፉ አልነቃም።

ለቅሶ የመጡት የቤተ ክርስቲያን እህቶች በቅን ልብ የቤቱን ልብስ በሙሉ አጠቡት፤ ተኩሰው፣ አጣጥፈው አስቀመጡት። የትራስ ልብሱም አልቀረ። የእሱ ጠረን ያለበት ያ ሹራብ ብቻ ነው።

«ዛሬም የለም አሉሽ?»

ሰቢሃ ናት፤ የጣቢያውን ወለል የምትወለውል የከሚሴ ሴት። ባለፈው ስመጣ ነው የተዋወቅነው።

«የለም።»

«እዚያ ማዶስ?» በመወልወያዋ እንጨት የአቡ ዳቢውን መስኮት ታሳየኛለች።

«በዚያ አውቶቡስ አይሄድም ነበር እኮ። ሥራው ዱባይ ነው።»

«አይ እታለም! ወንድ ልጅ የት የት እንደሚሄድ ሚስቱ ታውቅና ነው?» ትስቃለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች። «አፉ በይኝ። ይቺ ምላሴ!»

«ግድ የለም።»

«ብትጠይቂ ምን ይጎልብሻል? ስምንት እርምጃ አይሞላ። እኔ የሁለቱንም ወለል እወለውል የለ? ለመወልወያ ካርድ አይጠየቅም።» ክንዴን ይዛ ትወስደኛለች።

ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ጎልማሳ አበሻ ነው።

«አንተ ሙንዲር፣ ስልኩን ጣልና እህታችንን አስተናግድ።»

«አለቃዬ መቼ ሆንሽ፣ ሰቢሃ?»

«ከእግርህ ሥር ያለውን አቧራ ትቼልህ ልሂድና ታየዋለህ።»

ፈገግ ብሎ መዝገቡን ይከፍታል። ቀኑን እነግረዋለሁ። ጣቱ መስመር ለመስመር ይወርድና ይቆማል።

«ማክሰኞ ማታ፣ ከአቡ ዳቢ በመጣው አውቶቡስ። የወንድ ሹራብ፣ ግራጫ። ኪሱ ውስጥ ወረቀት… ባህሩ የሚል ስም አለበት።» ቀና ይላል። «ባለቤትዎ ናቸው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እሳቸው ለምን—» ሰቢሃ ከኋላዬ የሆነ ምልክት ሰጠችው መሰል፣ ዓይኑን ይሰብራል።

«ሹራቡን ስጠኝ» እላለሁ።

«ልብስ የምናቆየው ዘጠና ቀን ነው። ከዚያ ለችግረኛ ይሰጣል። የእርስዎ ባለፈው ሐሙስ ወጥቷል።»

ሁለቱንም ጊዜ ስመጣ እዚህ ነበር ማለት ነው። ከስምንት እርምጃ ማዶ።

«ታጥቦ ነው የሚሰጠው?»

«ምን ጥያቄ አለው! ታጥቦ፣ ተተኩሶ። እንዲሁ አንሰጥም።» ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። «ሰነድ ግን ዓመት ይቆያል። የጋብቻ ወረቀት ይዘዋል?»

ስልኬ ላይ አሳየዋለሁ። ያስፈርመኝና አንድ ነጭ ፖስታ በመስኮቱ ሥር ያሳልፍልኛል። እዚያው ቆሜ እከፍተዋለሁ።

አቡ ዳቢ ካለ ሆስፒታል የተሰጠ ነው። የልብ ሕክምና ክፍል። ለሕክምና ሲመጣ ይህ አራተኛ ጊዜው እንደሆነ ይላል። አራት ጊዜ፣ ጠዋት እንደ ወትሮው «ደህና ዋይ» ብሎኝ ወጥቷል፤ እዚህ ደርሶ በቀኝ በኩል ተሰልፏል፤ ማታ ተመልሶ ከእኔ ጋር እራት በልቷል። ሥራ እንዴት ዋለ ስለው አንድም ቀን መልስ አላጣም።

«ምን ይላል?» ትላለች ሰቢሃ በቀስታ።

«ቀጠሮ ነው።»

«የሐኪም?»

«የሐኪም።»

«እንዳትጨነቂ ብሎ ነው፣ ወላሂ። አብሽሪ።» መወልወያዋን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና ከጎኔ ትቆማለች።

ቀጠሮው ለሰኞ ነበር፤ ካረፈ በሁለተኛው ቀን። በደማቁ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለው፦ በሽተኛው ማደንዘዣ ስለሚወስድ ብቻውን እንዲሄድ አይፈቀድለትም፤ አንድ ሰው አብሮት መምጣት አለበት። ከሥሩ ያለውን ቅጽ ባህሩ በራሱ እጅ ሞልቶታል። የተወለደበት ቀን አለ። የስልክ ቁጥሩ አለ። የቤታችን አድራሻ አለ። የመጨረሻው መስመር አብሮት የሚመጣው ሰው ስም የሚጻፍበት ነው፤ ባዶውን ትቶታል።

ስሜ የለም።