የሚለጠፈው ፎቶ

ባለሱቁ የኑሰይባን ታብሌት በኬብል ከፕሪንተሩ ጋር ሲያገናኘው እሷ ጠጋ ብላ ቆመች። ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ከዞረችባቸው ሱቆች «ዋይፋይ ከሌለ ከታብሌት አይታተምም» ያላላት እሱ ብቻ ነበር። ጣና ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የቀረውን የባሏን የአኒስን ፎቶ በየጀልባ ማቆሚያው ልትለጥፍ ነበር።

ወረቀቱ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ግንባሩ ታየ፤ ከዚያ ዓይኖቹ። ይሄኔ የአኒስ ታላቅ ወንድም ጀላሉዲን ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ በሩ ላይ ቆመ።

«ኑሰይባ፣ አገኘነው» አላት።

«ደኅና ነው?»

ጀላሉዲን አንገቱን ደፋ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አስከሬኑን ነው ያገኘነው።»

ባለሱቁ ደንግጦ ኬብሉን ሊነቅል እጁን ሰደደ። ኑሰይባ ክንዱን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

«ተወው ወንድሜ» አለችው። «ፊቱ ወጥቶ ይጨርስ።»