የደሴ ወንፈል

በረዶው ገብሱን ጨረሰው። የቀረኝ ድንች ነበር፤ እሱንም ታምሜ መቆፈር አቃተኝ። ድሮ የእሱን ገብስ አጭጄለት የጉልበት ብድሬን፣ ወንፈሌን፣ ለዓመታት ያልመለሰው ጎረቤቴ ደሴ በሐምሌ ሞተ። ስንገንዘው አውራ ጣቶቹን በክር ያሰርኩት እኔ ነኝ።

በመስከረም አጠገባችን ባለችው ግምጃ ቤት ከተማ አዲስ የኔትወርክ ማማ ቆመ። እንጅባራ ያለችውን ልጄን ለማነጋገር ኮረብታ መውጣት ቀረልኝ፤ አሁን ደጄ ላይ ሆኜ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«አያ ይሄነው፣ ድንችህን እየቆፈርኩልህ ነው።»

የደሴ ድምፅ ነው። ሲናገር አፉ ውስጥ አፈር ይንቀጫቀጫል።

«በሙት የምትቀልድ፣ ምን ዓይነት ባለጌ ነህ?»

«ባለጌስ ወንፈል በልቶ የሚቀር ነው» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ተፋሁ። ዱላዬን ይዤ ወደ ማሳው ወረድኩ። ድንቹ በሙሉ ተቆፍሮ ተከምሯል፤ ይከረፋል። በክምሩ አናት ላይ አውራ ጣቶቹን ያሰርኩበት ክር ከተላጠ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል።