የሶስና አረማመድ

በስቱዲዮው ሶፍትዌር ላይ የተጨመረው አዲሱ ፕለጊን ለአኒሜሽን ገጸ ባሕርያት አረማመድ የሚወስደው ከሰው ነበር። የሰጠው ሰው መራመድ አያቅተውም፤ የራሱ የሆነውን አረማመድ ግን ያጣል። አረማመዱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተጫነ ማስመለስ ይቻላል፤ በኔትወርክ ከተሰራጨ ግን አይመለስም።

የስቱዲዮው ቴክኒሻን ሶስና ፕለጊኑን ስታስተካክል ለሙከራ የራሷን አረማመድ ሰጠች። ኃላፊዋ ጋሽ ዳምጠው ስክሪኑን አይተው ደስ አላቸው።

“ይሄማ ነፍስ አለው! በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ልቀቂው።”

“ኧረ ጋሽዬ፣ ከዚያ በኋላ እኮ አይመለስልኝም።”

“ፊልሙ ነገ ካልደረሰ ሃያ ሰው ሥራ ይፈታል። ደግሞስ መራመድ አልከለከለሽ!”

ሶስና ባልደረቦቿን ዞር ብላ አየቻቸው። ሁሉም አቀርቅረዋል። “መላው ኔትወርክ” የሚለውን ተጫነች።

አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ ዓይነ ስውሩ አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሌላ ጊዜ ገና ከግቢው በር “መጣሽ የኔ ልጅ?” ይሏት ነበር። ዛሬ ግን የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ለእንግዳ እንደሚደረገው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“ይግቡ፤ ማን ልበል?”

“እኔ ነኝ አባባ፣ ሶስና።”

አባቷ ጆሯቸውን ወደ እግሯ አዘነበሉ።

“ጫማ ቀየርሽ እንዴ?”

“አዎ፣ ቀየርኩ” አለቻቸው፤ ተረከዙ ያለቀውን አሮጌ ጫማዋን እያየች።