ክር ማሳረፍ

ዓባይነህ ወፍራሙን ክር በጣቱ ተጭኖ ሲመታው፣ ቤዝ ጊታሩ ብርሌ ውስጥ እንደ ገባች ንብ ዝዝ አለ። ደገመው። አሁንም ዝዝ አለ። ለድምፅ ማጉያ እንዲሆን ሽቦ የተቀጠለለት አሮጌ ራዲዮ ዝዝታውን ለግቢው ሁሉ ያሰማል።

አባቱ ጋሽ ወልደትንሣኤ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። የሚያዩት ጊታሩን ሳይሆን የልጃቸውን ግራ እጅ ነው። ከእስር ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነው። አንጓው ላይ ገመድ የነበረበት ቦታ ቆዳው ይብለጨለጫል፤ ትንሿ ጣትም እንደ ድሮው አትታዘዝም።

“ጣቴ ነው፤” አለ ዓባይነህ። “ክሩን አጥብቃ አትይዝም።”

“ክሩ ይሆናል።”

“ክሩ ምን በወጣው አባባ? ፍሬት ያለው ጊታር ሰው ሲሳሳት ያርምለታል። ይሄ እንደ ማሲንቆ ነው፤ ጣት ካጠፋ አጠፋ ነው።”

እንደ መሰላል አንገቱ ላይ ተደርድረው የነበሩትን ቀጫጭን የብረት ፍሬቶች ከመታሰሩ በፊት በጉጠት የነቀላቸው ራሱ ነው፤ ድምፁ እንደ ሰው እንዲያንጎራጉር ብሎ። ሰፈሩ “ደህናውን ዕቃ ጥርሱን አረገፈው” እያለ ስቆበት ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አምሳሉ ሰንጋ ተራ ባንዱን ይዞ ይጠብቀዋል። የድሮ ጓደኛው ነው። ቤዝ የሚጫወትላቸው ሰው ስለለቀቀ “መጥተህ አሰማን፤ ከቻልክ ቦታው ያንተ ነው” ብሎታል። ሌላ በር የከፈተለት የለም። በዚህ ጊዜ ከእስር የወጣን ሰው ማን ይቀጥራል? ሰላም የሚለውም ግራ ቀኙን አይቶ ነው።

“ሄጄ ሌላ ሰው ፈልግ ልበለው፤” አለ። ጊታሩን አልጋው ላይ አጋድሞ ኮቱን ሊያመጣ ጓዳ ገባ።

ጋሽ ወልደትንሣኤ ተነሡ። ጊታሩን አቅፈው መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ያዞሩ ጀመር። ክሮቹ እየላሉ ሄዱ። በደህናው ዘመን ክራር ይጫወቱ ነበር፤ ያስተማሯቸውም ሰው ክር ተወጥሮ አያድርም፣ ተጫውቶ ማሳረፍ ነው ይሉ ነበር።

“ምን እያደረጉ ነው አባባ?”

ዓባይነህ የኮቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ ቆሟል።

“ላሳርፈው ነዋ።”

“በየቀኑ የሚያላሉት እርስዎ ነዎት? እኔ መቃኛው አርጅቶ የሚለቅ መስሎኝ።”

“አንተ ከሄድክ ጀምሮ አሳርፌው ነው የኖረው። ምን አጠፋሁ? ክራር ቢሆን በመረቀኝ።”

ልጁ አልሳቀም። ጊታሩን ተቀብሎ መልሶ ቃኘው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው አንገቱን በቁመቱ አየው። ከዚያ ጭኑ ላይ አጋድሞ አንዱን ክር ከሁለቱም ጫፍ ተጫነው።

“እስቲ ጎንበስ ብለው ይዩት። መሐሉ ላይ፣ በክሩና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ያልፋል?”

“የለም። ክሩ እንጨቱ ላይ ተኝቷል።”

“ማለፍ ነበረበት። አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አለ። ክሩ ወደ ፊት ሲስብ፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ክሩ ሲላላ ዘንጉ ብቻውን ቀረና ወደ ኋላ አጎበጠው።”

ጋሽ ወልደትንሣኤ የጊታሩን አንገት በመዳፋቸው ዳሰሱት። ያን ሁሉ ዓመት ጠበቅኩለት ሲሉ ሲያጎብጡት ኖረዋል።

“ለዚህ ነዋ፤” አሉ። “ወደ ሆዱ ጠጋ ብለህ ክሩን ስትጫነው ድምፁ ጥሩ ነበር። የሚንጫረረው እላይ፣ ራሱ ዘንድ ብቻ ነው። ጣትህ ቢሆን የትም ያጠፋ ነበር።”

ዓባይነህ ቀና ብሎ አያቸው። ይህን አላሰበውም ነበር።

ጊታሩ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታ። የዘንጉ ብሎን ዝጓል። ቁልፍ አግብቶ ሞከረው፤ አልነቃነቅ አለ።

“ባስገድደው ይሰበራል። ከተሰበረ ደግሞ አበቃ።”

ሽማግሌው ከጓዳ ላምባ ይዘው መጡ። የዶሮ ላባ ነክረው ብሎኑ ላይ አንጠባጠቡ። ልጁ ቁልፉን ሲያነሣ እጁን ያዙት። “ቆይ። ይጠጣ።”

ቆዩ።

“አሁን፤ በቀስታ።”

ዓባይነህ ቁልፉን በግራ እጁ ያዘ። በደህናው እጅ መያዝ ይችል ነበር። አባቱ አዩ። ብሎኑ ጭጭ ብሎ ቆየና ቀጭ አለ። ጥቂት አላላውና ክሮቹን ወጥሮ ቃኘ፤ እንጨቱ ክሩን ተከትሎ እስኪሳብ ጠበቁ።

“አሁን ያልፋል፤” አሉ ጋሽ ወልደትንሣኤ እንዳጎነበሱ። “ክፍተቷ ፀጉር ታህላለች።”

መታው። ድምፁ ክብ ሆኖ ወጣ፤ ንቧ የለችም። ጣቱን ሳያነሣ ወደ ታች አንሸራተተው፤ ድምፁ እያንጎራጎረ ተከተለው። ትንሿ ጣት አንድ ቦታ ሳተች።

“ይቺ ጥፋት የራሴ ናት፤” አለ። ፈገግ ብሎ ጣቲቱን ወደ ቦታዋ መለሳት። “አምሳሉ ጋ ለመሄድ ጊዜ አለኝ። ጣቴን ትንሽ ላፍታታት። እርስዎ ግን ከእንግዲህ መቃኛውን እንዳይነኩብኝ።”

“ተወጥሮ ይደር እንግዲህ። ኀጢአቱ ያንተ ነው።”

ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ጎረቤታቸው እትዬ ፀሐይቱ በርበሬ ይወቅጣሉ። ከተፈታ ወዲህ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊሉት አልመጡም። ዘነዘናው ቆመ። ዓባይነህ መምታቱን አላቋረጠም። ዘነዘናው ቀስ ብሎ ወረደ፤ እንደገና ወረደ፤ ሦስተኛው ልክ ከጊታሩ ምት ጋር አረፈ። ዓባይነህ ወደ አጥሩ ዞረ። የሚቀጥለውን ምት ትንሽ አቆይቶ ጠበቃቸው።

ደረሱበት።