የከበደች ክርን

የቆርቆሮውን ክዳን በሁለት መዳፌ ይዤ አነሣሁት። እንፋሎት ወጣ። እንፋሎት ግን ያታልላል፤ በመስከረም ጠዋት ትኩስ እበት እንኳ ይጨሳል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን የሚፋጅ፣ እኔ አላውቅም።

ጉድጓዱን የቆፈርነው ከባለቤቴ ከከበደች ጋር ነው። ውስጡ ጥቁር የወንዝ ድንጋይ፣ ዙሪያው ጭድ፣ ላዩ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የመስኮት መስታወት ነው። ቀን ፀሐይ ድንጋዩን ስታግል ትውላለች። ማታ ውሃ የሞላ የዘይት ቆርቆሮ ድንጋዩ መሀል ቀብረን በጭድ ጆንያ እናፍነዋለን። ጠዋት ውሃው ሞቆ ይገኛል። የመብራቱ ሽቦ እኛን አልፎ ይሄዳል፤ የቀበሌው ከሰል በወረፋ ነው። ስድስት ቤት የሚታጠበው በዚች ጉድጓድ ነበር። በቀበሌው ግድግዳ ላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል መፈክር ተጽፏል። እኛ ሳንጽፈው አውለናል ስል ከበደች አፌን ትይዘኝ ነበር።

ሐኪሞቹ በየጠዋቱ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ ብለውናል። ከሥጋ ደዌ ከዳንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ስሜቱ ግን ከሄደበት አልተመለሰም። የስድስቱም ቤት ሰው እንደኔው ነው። ከሁላችንም ሙቀት የምታውቀው የከበደች ቀኝ ክርን ብቻ ነበረች። እሷን ነክራ «ለብ ብሏል» ካላለች ማንም እግሩን አይነክርም።

ነሐሴ ላይ ከበደች ሞተች። ከዚያ በኋላ ውሃውን በከሰል አሞቃለሁ ብዬ ግራ ተረከዜን ቀቀልኩት። ያወቅኩት ቆዳው ከካልሲው ጋር ሲወጣ ነው። ዛሬ ከክረምቱ ወዲህ የመጀመሪያው የፀሐይ ውሃ ነው፤ አምስቱ ቤት ሳፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁኛል።

ከአጥሩ ማዶ ዋጋነሽ ልብስ ታሰጣለች። ከሐምሌ ጀምሮ ጎረቤቴ ናት፤ ጤነኛ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የእኔዋ ግን ለቅሶ ስትመጣ እንኳ ከበሩ አላለፈችም።

«እንደምን አደሩ አባባ?» አለችኝ እንደ ወትሮዋ ከሩቅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዋጋነሽ፣ አንዴ ብትመጪልኝ?»

ልብሱን እንደያዘች ቆመች። «ምነው፣ አመምዎት እንዴ?»

«አላመመኝም። ማመሙ ነው የጠፋኝ። ውሃ እንድታዪልኝ ፈልጌ ነው፤ ይፋጅ እንደሆነ።»

«እርስዎ አይነኩትም?»

እጆቼን አሳየኋት። አየቻቸውና ቶሎ ዓይኗን ወደ ልብሱ መለሰች።

«እስቲ ወደዚህ ያምጡት» አለች።

ውሃውን ሳፋ ውስጥ ገልብጬ፣ በክንዶቼ አቅፌ፣ እያንጠባጠብኩ ወሰድኩላት። በአጥሩ ቀዳዳ ጣቷን ልትሰድ ስትል፣ «በጣት አይሆንም» አልኳት። «የሴት ጣት እሳት ለምዷል፣ ይዋሻል። በክርን ነው።» ይህ የከበደች ቃል ነው።

ዋጋነሽ ፈገግ አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ነከረች፤ ጠበቀች።

«ለብ ብሏል» አለች።

በዚያው በከበደች ቃል አለችው። ሌላ ነገር እንድትናገር ፈልጌ ሳፋውን ከአጥሩ አላራቅኩም።

«በዚህ ጠዋት እሳት ከየት አገኙ?»

«እሳት አይደለም። የትናንት ፀሐይ ናት።»

«ይቀልዳሉ!» ብላ ሳቀችና ወደ ቤቷ ገባች።

ሳፋውን ይዤ ወደ ደጄ ተመለስኩ። ከማዶ የውሃ ድምፅ ሰማሁ፤ ማንቆርቆሪያ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። ክንዷን እየታጠበች ነው። ከፋኝ፤ አልዋሽም። ለነገም የምለምነው እሷኑ ነው።

«ኑ፣ ውሃው ደርሷል!» ብዬ ጎረቤቶቼን ተጣራሁ። እስኪመጡ የከበደችን በርጩማ አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥኩና ደህናውን እግሬን ነከርኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ሸፈነው። ምንም አልተሰማኝም።

ለብ ብሏል፤ ዋጋነሽ ብላለች።