ያልበራው አምፖል

«በተቃጠለው በሳሎኑ አምፖል ፈንታ ዛሬም ሳትገዛ መጣህ?» አለችው ሚስቱ በሩን እየከፈተችለት።

«ረሳሁት። ነገ።»

«ተወው፣ መላ አግኝቼለታለሁ» አለች። ምን መላ እንደሆነ ሳይጠይቃት ወደ ውስጠኛው ክፍል አለፈ። እዚያ ከቁርጥራጭ ብረት ራሱ የሠራው፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን አለ። ከጠዋት ጀምሮ አልነሳ ብሎታል።

ሶኬቱን ነቀለና ክዳኑን ከፈተ። ከሥሩ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ አምቀው እንደሚቆዩ ያውቃል። ስለዚህ ሳያራግፋቸው ነክቷቸው አያውቅም። ማራገፊያው ማሽኑን ሲቀባ አረንጓዴ ቀለም የተንጠባጠበበት፣ ሁለት ሽቦ ባለው ማቀፊያ ላይ የተጠመደ አሮጌ አምፖል ነው። ሽቦዎቹን ሲያስነካቸው አምፖሉ ቦግ ይልና ቀስ እያለ ይጠፋል። እጁን የሚሰደው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ሽቦዎቹን በልማድ፣ ልብ ሳይል ሲያስነካቸው አምፖሉ ጨርሶ አልበራም።

«ለካ ኃይል ሳይደርሳቸው ነው የቆመው» አለ ለራሱ። ብልሽቱን በማግኘቱ ደስ ብሎት እጁን ሰደደ።

ሲነቃ ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ሊነሳ ቢሞክር እጁም እግሩም አልታዘዝ አሉት።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አለች ሚስቱ ከወዲያ። መሽቶ ስለነበር መጀመሪያ የሳሎኑን መብራት አበራች፤ ከዚያ ሮጣ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ምን ሆንክ? ኧረ በናትህ አናግረኝ» እያለች ትነቀንቀዋለች።

ምላሱ አልላወስ አለው። ዓይኑ ግን በትከሻዋ አሻግሮ በተከፈተው በር ሳሎኑን ያያል። ጣሪያው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተንጠባጠበበት አምፖል ደምቆ በርቷል።